ተማሪዬ የሠራችው የፊደል ጨዋታ ቅጂ ነውን?

መክፈቻ

በሐዋሳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ባለፈው ወር አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ለስልክ የሠራችውን የፊደል ጨዋታ ለክፍል ጓደኞቿ ስታሳይ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ጨዋታው የተሰረቀ መሆኑን ጮክ ብሎ ተናገረ። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ስልኳን አጥፍታ ተቀመጠች፤ በማግስቱም ትምህርት ቤት አልመጣችም። ልጁን ዝም ከማሰኘት ያለፈ መልስ አልነበረኝም፤ ይህም እስካሁን ያንገበግበኛል። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት መልሱን ከእናንተ ጋር ለመፈለግ ነው። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች፣ እስከ ዛሬ የደረሱትን ምላሾች በየቁጥራቸው በራሴ ቃል ከታች አስፍሬያለሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት በአራት የሆነ ሰሌዳ አለ። ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲንሸራተት ፊደላቱ ሁሉ ወደዚያው ይሄዳሉ፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ፊደላት ሲጋጩ ተዋህደው ቀጣዩን ይወልዳሉ። ሁለት ሀ ሁ ይሆናሉ፣ ሁለት ሁ ሂ ይሆናሉ፣ እንዲህ እያለ እስከ ሆ ይዘልቃል። 2048 የተባለውን የቁጥር ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዝምድናቸውን ወዲያው ይለያል። ተማሪዬም አልደበቀችም፤ ማሳየት የጀመረችው የተነሳችበትን ጨዋታ ስም በመጥራት ነበር።

ነገር ግን ክፍሉ ያላየው ነገር አለ። መጀመሪያ የሠራችው በእርግጥ ያንኑ ጨዋታ ነበር፤ ቁጥሩን አንስታ ፊደል ተካችበት። ከሆ ቀጥሎ ለ፣ ከሎ ቀጥሎ ሐ ይመጣል። አንደኛ ክፍል የሚማረው ታናሽ ወንድሟ ሁለት ሳምንት ተጫወተና መ መቼ እንደሚመጣ ጠየቃት። ወረቀት አውጥታ አሰላች። ሀ በ2 ቦታ ከቆመ፣ በ2048 ቦታ የሚቆመው ላ ነው። በ16ቱ ቤቶች ላይ ዕድል ሁሉ ቢቀና ሊደረስበት የሚችለው ትልቁ ቁጥር 131,072 ሲሆን፣ እሱም ሒ ነው። በዚያ ሰሌዳ ላይ መ ምን ጊዜም አይመጣም። ፊደል ለማስተማር የታሰበ ጨዋታ ከ33ቱ ረድፎች ሦስተኛው ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ስለዚህ ሕጉን ቀየረችው። አሁን ሁለት ሆ ሲገናኙ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ በሰሌዳው ላይ የቀሩት የሀ ዘሮች በሙሉ በያሉበት ወደ ለ ይዛወራሉ። ሂ የነበረው ሊ፣ ሄ የነበረው ሌ ይሆናል። ሕፃኑ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ የሚሉትን ስሞች ገና ሳይሰማ፣ ሂ እና ሊ በየረድፋቸው በተመሳሳይ ቦታ የሚቀመጡ መሆናቸውን በዓይኑ ያያል። አዲስ ፊደል ሲወለድ ድምፁን የሚያሰማው ወንድሟ ነው፤ ከረድፍ ረድፍ እየቀዳችው ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የጨዋታ ሕግ የማንም ርስት አይደለም፤ በዚያ ሕግ ላይ አንድ ሰው አስቦ፣ ሞክሮ፣ ወድቆ የጨመረው ግን የራሱ ነው። ተሳስቼ እንደሆነ አርሙኝ።

ምላሽ 1

ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ያለው ወጣት ነው የጀመረው። ለልጅቷ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ይህ ስርቆት ከተባለ ደንበኞቹ ከሚጫወቱባቸው ጨዋታዎች ንጹሕ ሆኖ የሚተርፍ እንደማይኖር ጻፈ። ምሳሌውን ከሥሩ አመጣ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1972 ማግናቮክስ የተባለው ኩባንያ ራልፍ ቤየር የፈለሰፈውን ኦዲሴይ የተሰኘ የቴሌቪዥን መጫወቻ አወጣ፤ በውስጡ የጠረጴዛ ቴኒስ ነበረበት። ከአታሪ መሥራቾች አንዱ ኖላን ቡሽኔል በዚያው ዓመት መጫወቻው ለሕዝብ ሲታይ ተገኝቶ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅም አታሪ ፖንግን ለገበያ አቀረበ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1976 አታሪ ፈቃድ ለመግዛት ተስማማ። የቪዲዮ ጨዋታ ንግድ የተስፋፋው ግን በፖንግ ነው። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ያወጣውን ኩኩሉንም አነሳ። ያለ ማቋረጥ የመሮጥ ጨዋታ በ2011 በቴምፕል ረን፣ በ2012 በሳብዌይ ሰርፈርስ የታወቀ ነው፤ እሱ ጋ የሚመጡት ልጆች ግን የምትሮጠዋን ዶሮ የራሳቸው አድርገው እንደሚወዷት መሰከረ።

ምላሽ 2

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር የሚማር ተሳታፊ በትሕትና፣ ግን ሳይሸፋፍን አረመኝ። 2048ን እንደ ምንጭ መቁጠሬ ስህተት ነው። ምንጩ በየካቲት 2014 የወጣው ትሪስ ነው፤ አሸር ቮልመርና ግሬግ ዎልዌንድ 14 ወር ለፍተውበታል። በትሪስ 1 እና 2 ተዋህደው 3 ይሆናሉ፣ ከዚያ በኋላ እኩል ቁጥሮች ብቻ ይጣመራሉ፤ ጣት በተንሸራተተ ቁጥር ቁጥሮቹ የሚራመዱት አንድ ቤት ብቻ ነው። ወዲያው 1024 የተባለ ተመሳሳይ ጨዋታ ተከተለ። በመጋቢት የ19 ዓመቱ ጣሊያናዊ ጋብርኤሌ ቺሩሊ በአንድ ቅዳሜና እሁድ 2048ን ሠርቶ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገ። ዓለምን ያዳረሰው የመጨረሻው ነው። የትሪስ ሠሪዎች ተከፍተው፣ በሥራው ወራት የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች ለሕዝብ አወጡ፤ ቀላል የሚመስለው ነገር ስንት ጊዜ ተሠርቶ እንደፈረሰ ሰው እንዲያይ። ተማሪው ደብዳቤዎቹን ካነበበ በኋላ 2048ን በቀድሞ ዓይኑ ማየት እንዳልቻለ ነገረን።

ምላሽ 3

የእኔ ነው። ስህተቴን ተቀበልኩ። ደብዳቤዎቹን ለልጅቷ በስልክ ላክሁላት፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ክፍል ስትመለስ ግማሹን አንብባ ነበር።

ምላሽ 4

በሁለት መስመር የተጻፈ፣ ሰላምታ የሌለው ነው። ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ከወሰዱት ዕቃ አራተኛዋ ብትወስድ ሌብነቱ እንደማይቀር፣ መምህር ሆኜ ይህን መደገፌም እንደሚያሳፍር ተናገረ። ከምላሽ 2 ያገኘውን ታሪክ መልሶ ልጅቷን ለመምታት መጠቀሙ አበሳጨኝ፤ ነገር ግን ጥያቄው መልስ የሚገባው ነበርና አልሸሸሁትም።

ምላሽ 5

መልሱን ያመጣው የአዳማ የሕግ ባለሙያ ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው፤ የአዋጁ አንቀጽ 5 ግን ጥበቃው ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን እንደማያካትት ይደነግጋል። ፊደላት እንዲዋሃዱ ማድረግ ዘዴ ነው። የተጻፈው ኮድ፣ የተሳለው ሥዕል፣ የተቀዳው ድምፅ ሥራ ነው።

ከአሜሪካ ሦስት ፍርዶችን ጨመረ። በ2012 በኒው ጀርሲ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ቴትሪስ በተባለው ጨዋታ ባለቤትና ዚዮ በተባለ ድርጅት መካከል ፈረደ። ዚዮ የጨዋታ ሕግ ለማንም ክፍት መሆኑን አጥንቶ ነበር፤ ሆኖም ሕጉን ብቻ አልወሰደም። የቅርጾቹን መልክ፣ ቀለም አቀባባቸውን፣ 20 በ10 የሆነውን የሰሌዳ መጠን ሳይቀር እንዳለ ገልብጦ ተሸነፈ። የቀሩት ሁለቱ ዳታ ኢስት የተባለውን የጨዋታ ኩባንያ ይመለከታሉ። በ1988 የካራቴ ጨዋታዬ ተቀዳ ብሎ የከሰሰበት ጉዳይ በይግባኝ ውድቅ ሆነበት፤ ተመሳሳይነቱ የመጣው ከካራቴው ከራሱ ነው ተባለ። በ1994 ደግሞ ስትሪት ፋይተርን በሠራው ካፕኮም ተከሶ፣ ይህንኑ የመሰለ ክርክር አቅርቦ ረታ። በምላሽ 4 ላይ የተነሳውም ጥያቄ በዚህ ሚዛን መታየት እንዳለበት አሳሰበ፦ ምን ተወሰደ፣ ምን ተተወ፣ ምን ተጨመረ።

ምላሽ 6

ይህን ምላሽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፉት በሐዋሳ የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፉ እናት ናቸው። ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ አንዳች እንደማያውቁ፣ ስለ መቀዳት ግን ሃያ ዓመት እንደኖሩበት ጻፉ። አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ለብሳ ለካች፣ በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ ዋጋው ተወደደብኝ ብላ ሄደች። ከወር በኋላ በአንድ ሠርግ ላይ ያንኑ ቀሚስ ሌላ ሰው ለብሶት አዩ። ጥለቱ የጋራ ነው፤ የመስቀሉን ቅርጽ እሳቸውም ከእናታቸው ነው ያገኙት፤ ስለዚህ ለመናገር አፈሩ። ዝቅ ብለው ጠርዙን ሲያዩ ግን ልባቸው ቆመ። እሳቸው ያን ቀሚስ ሲጨርሱ አረንጓዴው ክር አልቆባቸው፣ የመጨረሻውን ስንዝር ጠቆር ባለ አረንጓዴ ነበር የዘጉት። በሠርጉ ላይ ያለው ቀሚስም የመጨረሻ ስንዝሩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ሰፊው ክር አላለቀበትም፤ ፎቶው ላይ ስላየ ብቻ አደረገው። ቀጂን የሚያጋልጠው ያማረው ሥራ እንዳልሆነ፣ ሳይገባው ያነሳው ጉድለት እንደሆነ የሚያምኑት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

ምላሽ 7

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ አንድ አባት መክፈቻዬን አመሰገኑና፣ ነገሩን በቅኔ ቤት ሚዛን አዩት። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ የሚባለው ስምንት ቤት ነው፤ ልኩን ማንም አይቀይረውም፣ ማንም የእኔ ነው አይልም። ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ይይዛል፣ ምሥጢሩን ይመረምራል፣ መንገዱን ይለምዳል። የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ሲያቀርብ ግን ከሌላው አንድ ሐረግ ቢያነሳ ጓደኞቹ ሳይቀሩ ያውቁበታል። ቅኔን በጉባኤ ፊት ማሰማት መዝረፍ መባሉ ሰዎችን እንዳያሳስት ጨምረው አስጠነቀቁ፤ የተመሰገነ ዘራፊ የሚባለው አዲስ ነገር ያመጣው ነው። ለመምህርነቴ ደግሞ አንድ አደራ ሰጡኝ፦ በጨዋታው ውስጥ ሞክሼ ፊደላት ቦታቸውን እንዳይስቱ ሀን፣ ሐን እና ኀን ደጋግሜ እንዳይ። አደራውን በልቻለሁ፤ አልተመለከትኩም ነበር።

ምላሽ 8፣ 9፣ 10 እና 11

ክሩ እዚህ ላይ ከመንገዱ ወጣ፤ አልቆጨኝም። አንዱ የልጅነት ዳማውን አስታወሰ፤ በካርቶን ላይ በከሰል የተሰመረ ሰሌዳ፣ የአንዱ ጠጠር በጀርባው የሌላው በፊቱ የሚቀመጥ ቆርኪ። ሌላው የአገራችንን ሰንጠረጅ አነሳ፤ ከቼዝ ጋር አንድ ዘር ቢሆንም መጀመሪያው ላይ ወረራ የሚባል ክፍል አለው፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ከሌላ አገር የመጣ ጨዋታ በቤታችን ጠባይ ማውጣቱን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላየሁም። አንድ የአዳማ ልጅና አንድ የሐዋሳ ልጅ ገበጣን በየትኛው ከተማ በደንብ እንደሚጫወቱ መጨቃጨቅ ጀመሩ። ጭቅጭቁ ወደ ሐዋሳው አሞራ ገደል ዓሣ ተሻገረ፦ አንዱ ጠባሽ አዲስ ዓይነት ዳጣ ቢያመጣ በሳምንቱ ጎረቤቶቹ ሁሉ ያንኑ ያቀርባሉ፣ በዚህ ተቀይሞ የሚያውቅ ደንበኛም የለም ተባለ። አወያዩ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ለመነን።

ምላሽ 12

የሶፍትዌር ተማሪው ተመልሶ መጣና የማይመች ጥያቄ ጠየቀ። ልጅቷ የተነሳችው ከ2048 ክፍት ኮድ ከሆነ፣ ኮዱ የወጣበት ኤምአይቲ የተባለው ፈቃድ እንዲጠቀሙበትም እንዲቀይሩትም ይፈቅዳል፤ በለውጡ ግን የባለቤቱን የመብት መግለጫ ከኮዱ ጋር አብሮ ማቆየት ግዴታ ነው። መግለጫው አለ ወይ? ልጅቷን ጠየቅኋት። የማይሠራ ጽሑፍ መስሏት ፋይሉን ስታጸዳ አጥፍታዋለች። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ኮድ መጻፍ ሳስተምር ፈቃድ ማንበብ አላስተማርኩም። በዚያው ቀን መልሳ አስገባችው፤ ከዚህ በኋላም ሁለተኛው ትምህርቴ ይኸው ይሆናል።

ምላሽ 13

ከዚህ ጀምሮ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። አንድ ተሳታፊ፣ ልጅቷ ጨዋታውን በቴሌግራም ካሰራጨች ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በሌላ ስም የተጠቀለለ የፊደል ጨዋታ በ50 ብር ሲሸጥ ማየቱን አሳወቀ። ሁለት ሆ ሲገናኙ ይጠፋሉ፤ የቀሩት ወደ ለ ይዛወራሉ። ሰሌዳው የልጅቷ የቡና ቀለም ነው። የተቀየረው ድምፁ ብቻ ነው፤ በሕፃኑ ምትክ ጎልማሳ ያነባል።

ምላሽ 14

ልብስ ሰፊዋ እናት ነበሩ። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ሁለቱንም ጨዋታዎች ይዘው ተቀመጡ፤ የሚፈልጉት ጠቆር ያለውን አረንጓዴ ነው። በሦስተኛው ሌሊት 13ኛው ረድፍ ላይ ደረሱ። ኀ፣ ኁ፣ ኂ ካለ በኋላ በራብዑ ቦታ ኃ መምጣት ሲገባው የልጅቷ ጨዋታ ሓን አስቀምጧል። በ50 ብሩ ጨዋታም ራብዑ ላይ የተቀመጠው ሓ ነው። ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው ፎቶ ለጠፉ፤ ከፎቶው በታች አንድ ቃል አልጻፉም።

እኔ ያልተመለከትኩት፣ በምላሽ 7 አደራ የተባልኩበት ስህተት ነው። ድምፁ አንድ በመሆኑ ሕፃኑም አልለየውም። ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አስበው አንድ ዓይነት ሕግ ሊያወጡ ይችላሉ፣ አምናለሁ። ለየብቻቸው ተቀምጠው ከ231 ፊደላት አንዱን፣ ያንኑ፣ በተመሳሳይ ቦታ ይሳሳታሉ ብዬ ግን አላምንም።

ምላሽ 15

በዚያው ቀን የተመዘገበ አንድ አባል ለሻጩ ጠበቃ ሆኖ መጣ። ሙግቱ የተሠራው ከእኛው ከራሳችን ቃል ነው፦ ሕግ የማንም ርስት አይደለም ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንቀጽ 5ን የጠቀሰው የአዳማው ባለሙያ ነው፣ ፖንግን ያነሳው ጌም ቤቱ ነው። ልጅቷ ከጣሊያናዊው ስትወስድ መነሻ፣ ሌላው ከልጅቷ ሲወስድ ስርቆት የሚሆነው በየትኛው ሚዛን እንደሆነ ጠየቀ። በነጻ ያሰራጨ ሰው ሌላው ሲሸጥ መቆጨት እንደሌለበትም አከለ።

ምላሽ 16

በቁጣ መለስኩ፤ ቃላቴን ግን ዛሬም አልስባቸውም። ልጅቷ ከ2048 ስትነሳ የተነሳችበትን ተናገረች፣ የሚጎድለውን አየች፣ አስልታ ሕጉን ቀየረች፣ ለምን እንደቀየረችም ልትነግርህ ትችላለች። ሻጩ ሓ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ሊነግረን ይችላል? ሁለት ሆ ለምን እንደሚጠፉ ያውቃል? የወንድሟን የመ ጥያቄ አልሰማም፤ መልሱን ብቻ አነሳ። ሕጉን ወስዶ በራሱ ኮድና በራሱ ሥዕል ቢሠራው ቅር እያለኝም ዝም እል ነበር። እሱ ግን የ16 ዓመት ልጅ ሌሊቷን ያጠፋችበትን ሥራ ከነጉድለቱ አንስቶ ዋጋ ለጠፈበት።

ምላሽ 17

የሕግ ባለሙያው ነገሩን ለማብረድ ገባ፤ ስድብ እንዳይጨመር ለሁላችንም አሳሰበ። በአዋጁ መሠረት ሥራው ወጥና የተቀረጸ ከሆነ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፣ ምዝገባ አይጠይቅም፤ በነጻ ማሰራጨትም መብትን መተው አይደለም። ልጅቷ በየቀኑ ያስቀመጠቻቸውን የኮድ ቅጂዎች፣ ያሰላችበትንም ወረቀት ሳትጥል እንድትይዝ መከረ። የትሪስ ሠሪዎች ደብዳቤዎቻቸውን ያወጡት ለዚሁ እንደነበር ምላሽ 2ን ጠቅሶ አስታወሰን።

ምላሽ 18

የአብነቱ አባት ማክሰኞ ማታ አንድ ነገር ብቻ አሳወቁ። በ50 ብሩ ጨዋታ ውስጥ ሓ ተነስቶ ኃ ገብቷል። የምላሽ 15 ጸሐፊም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። የምላሽ 14 ፎቶ ግን አሁንም እዚሁ አለ።

ምላሽ 19

ተማሪዬ ራሷ ጻፈች። ሁለቱንም አመሰገነች፤ ስህተቱን ያገኙትን እናትና አስቀድመው ያስጠነቀቁትን አባት። በእርሷም ጨዋታ ኃ ወደ ቦታው ተመልሷል። መክፈቻ ገጹ ላይ ትሪስ፣ 1024 እና 2048 በቅደም ተከተላቸው፣ ከነሠሪዎቻቸው ተጽፈዋል። ሻጩን በተመለከተ ከቤተሰቧ ጋር ሆና የሕግ ባለሙያውን ልታነጋግር ነው። ለአባታችን ደግሞ ጥያቄ አቀረበች፦ በሀሁ ተራ ፈንታ በአበገደ ተራ የሚሄድ ሁለተኛ ጨዋታ ብትሠራ ቅደም ተከተሉን ያዩላት ይሆን?

ምላሽ 20

አባታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወንድሟ ጋር ወደ ቤታቸው እንድትመጣ ጋበዟት፤ የሕፃኑን ድምፅ በአካል መስማት ይፈልጋሉ። ቅጂው የት እንደደረሰም ጠየቁ።

ምላሽ 21

ፀ ላይ ደርሰዋል። ፈ አልተቀዳም፤ የልጁ የፊት ጥርሶች ወልቀው ፈ ሲል ትንፋሽ ብቻ ይወጣል፣ እህቱም እስኪበቅሉለት ልትጠብቅ ወስናለች።